የተሸፈነው ገብስ

አሰላ ላይ ሰው የማይጣላበት ነገር የለም። በቋንቋ ይጣላል፣ በመሬት ይጣላል፣ በሰንደቅ ዓላማ ይጣላል፤ የሚጣላበት ሲያጣ ደግሞ ትናንት ስለተጣላበት ነገር ይጣላል። በእህል በረንዳው የታወቁት ኦቦ ከዲሮና አቶ አስናቀ በዚህ ጥል ፀጉራቸው ሸብቷል። ከዲሮ የጪላሎ ወገብ ላይ ሰፊ የገብስ ማሳ ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ አስናቀ ወፍጮና መጋዘን ያላቸው ነጋዴ። አንዱ «አገሩ የአባቴ ነው» ሲሉ ሌላው «ያቀናው የኔ አባት ነው» ይላሉ፤ ሰላምታ ከተለዋወጡ ቆይተዋል። ሁለቱን ያለ ሽማግሌ የሚያስማማ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀጥቃጭ ዘር። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ያረፈበት እህል በረከቱ ይነሳል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ኦሮሞውና አማራው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ፍቅር ለካ እንዲህ ቀላል ነገር ኖሯል፤ አብሮ የሚንቁት ሰው ይገኝ እንጂ።

ሀጂራ በዚህ አታምንም። ቢያንስ እንደማታምን ለራሷ ትነግራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ገብስ እየነገደች ልጅ ያሳደገች፣ የገብስ አቅራቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነች፣ ወንዶች ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትናገር ሴት ናት። አንድ ልጅ ብቻ አላት፤ ሙቢና። ሙቢና በምግብ ሳይንስ ተመርቃ ሥራ ስታጣ ሰንብታ በመጨረሻ ደላላ አግኝታለች፤ ፓስፖርቷን አውጥታለች፤ ጅዳ ሄዳ የሰው ቤት ልታጥብ ነው።  ሀጂራ ከጅዳ በሬሳ ሳጥን ሆነው የተመለሱ ልጆች ታውቃለች፤ ቀብራቸው ላይ ቆማለች።

በዚህ መሐል ነው አንድ ኩባንያ ከተማዋ ላይ ሁለተኛ የብቅል ፋብሪካ ሊተክል ነው የተባለው። መሬቱን ሊያይ የመጣው የጥራት ኃላፊ በእውቀቱ ይባላል፤ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። የማኅበሩን ሰዎች ሰብስቦ ነገሩን ሳያድበሰብስ ተናገረ።

«የተሰበረ ገብስ አይበቅልም፤ ያልበቀለ ገብስ ብቅል አይሆንም። የዘንድሮው ምርት ሳይሰባበር ከገባልን ፋብሪካው እዚህ ይቆማል። ከተሰባበረ ግን ሌላ ከተማ እናያለን።»

«ሠራተኛስ?» አለች ሀጂራ። «የምግብ ሳይንስ የተማረ ልጅ ትፈልጋላችሁ?»

«ላቦራቶሪው የአካባቢውን ልጆች ነው የሚቀጥረው።»

ሀጂራ ሌላ ነገር አልሰማችም። ቢራው ሐራም ነው፣ ገብሱ ግን ሃይማኖት የለውም ብላ ድሮውንም ሕሊናዋን አስታርቃለች። ጅዳ ቀረ ማለት ነው። ልጇ ነጭ ጋውን ለብሳ እቤቷ ታድራለች ማለት ነው።

የቀረው መውቂያው ብቻ ነበር። ትልቁ ኮምባይነር የጪላሎን ዳገት አይወጣም፤ በበሬ የተበራየ ገብስ አፈርና እበት ይቀላቀልበታል። ዳገት የሚወጣ፣ በፒክአፕ የሚጎተት አነስተኛ መውቂያ የሚሠራ ሰው ደግሞ በከተማው አንድ ብቻ ነበር፤ ጁወይሪያ ቱሳ።

የቱሳ ልጅ! አባቷ ቱሳ የአካባቢውን ማጭድና ማረሻ ሁሉ ሲቀጠቅጥ የኖረ፣ ሰው የእጁን ዋጋ በእጁ ሳይሆን መሬት ላይ የሚያስቀምጥለት ቀጥቃጭ ነበር። ልጅቷ ግን እንደ አባቷ አንገቷን የምትደፋ አይደለችም። መሐንዲስ ናት፤ አዳማ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታ፣ ገንዘብ ይዛ፣ ፒክአፕ እየነዳች መጣች፤ ስትስቅ መንገድ ማዶ ይሰማል። ከከተማው መውጫ ላይ ግቢ ተከራይታ ኦፊቺና ከፈተች፤ የሰፈሩን ሥራ ፈት ልጆች ሰብስባ ብየዳ አስተማረች። ልጆቹ ደመወዟን ይቀበላሉ። ምሳቸውን ግን ምሳ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ በምትቀመጥበት በኩል ጀርባቸውን ሰጥተው ይበላሉ።

ሀጂራ ሙቢናን አስከትላ ኦፊቺናው የሄደች ዕለት ጁወይሪያ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ተቀበለቻቸው።

«መውቂያው ዝግጁ ነው አደ ሀጂራ። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ ይወቁልኝ። ይኼ ከበሮና ከሥሩ ያለው ብረት ሲቀራረቡ ቅንጣቱን ይሰብሩታል፤ ሲራራቁ ደግሞ ገብሱ ሳይወልቅ ይቀራል። ጠዋት ጤዛ አለ፣ ቀትር ላይ ይደርቃል፤ ስለዚህ የሚወጣውን እህል እያየሁ እዚያው ነው የማስተካክለው። አውድማው ላይ ቆሜ ካላየሁ ምንም ማድረግ አልችልም።»

«ምን ችግር አለው ልጄ!» አለች ሀጂራ፤ ችግሩን ከማንም በላይ እያወቀች።

ጁወይሪያ በቤት የተጨመቀ የማንጎ ጭማቂ በሁለት ብርጭቆ አቀረበች። ሀጂራ ብርጭቆውን አየችው። አታምንም፤ አዎ፣ አታምንም። እጇ ግን አልዘረጋም አለ።

«ጾመኛ ነኝ» አለች።

«ማክሰኞ?» አለች ጁወይሪያ።

ሱና ጾም ሰኞና ሐሙስ መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም አሰላ ውስጥ የለም። ጁወይሪያ አልተቆጣችም፤ ፈገግ ብላ ብርጭቆውን ልታነሳ ስትል ሙቢና ቀድማ ያዘችው። የራሷንም የእናቷንም ጠጣች፤ ጠጥታም «ጣፋጭ ነው፣ አላህ ይስጥልኝ» አለች።  ሀጂራ ቤት ከተመለሱ በኋላ ልጇን ሆዷን አሟት እንደሆነ ደጋግማ ስትጠይቃት ዋለች።

ወሬው ኦቦ ከዲሮ ጋ ሲደርስ ሽማግሌው በእህል በረንዳው ከተቀመጡበት ተነስተው ሀጂራ ላይ ጮኹ።

«ጡምቱ፣ የቀጥቃጭ ልጅ፣ አውድማዬ ላይ? ምርቱ ሳይሰፈር? ሀጂራ፣ አብደሻል? የአባቴ አውድማ ላይ እህል በስሙ አይጠራም፣ ጫማ ተደርጎ አይገባም፣ አንቺ የቀጥቃጭ ዓይን ልታመጪብኝ!»

አቶ አስናቀም ከመጋዘናቸው ብቅ አሉ። ከከዲሮ ጋር ሰላምታ ካቆሙ የቆዩት ሰው አጠገባቸው መጥተው ቆሙ።

«ኦቦ ከዲሮ ልክ ናቸው። የኔ አያት ቀጥቃጭ በደጅ ሲያልፍ የቡኮ ዕቃ እንኳ ይከድኑ ነበር።»

«ተባረክ አስናቀ» አሉ ከዲሮ። የተጨባበጡት የዚያን ዕለት ነው። በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ እርቅ ወረደ ተባለ።

ሀጂራ እዚያ ቆማ ሳለ ማለት የነበረባትን ታውቅ ነበር። «ልጅቷ ካላየችው ገብሱ ይሰበራል፣ ፋብሪካው ይቀራል፣ ልጆቻችሁ ይሰደዳሉ» ማለት ብቻ ነበር። ተናጋሪዋ ሀጂራ፣ ወንዶቹን የምትገሥጸው ሀጂራ፣ አላለችም። «አንቺስ ከሷ ቤት ምን በላሽ?» ይሏታል ብላ ፈራች። ስለዚህ ብልሃት ፈጠረች። ብልህ ሴት ስትፈራ እንደ ፈሪ ዝም አትልም፤ መላ ትፈጥራለች፤ ይኼ ነው የሚብሰው።

«ሸራ እንጋርዳለን» አለች። «እሷ ከማሽኑ ጋር በዚህ በኩል፣ እህሉ በዚያ በኩል። እንዴት እንደወጣ እኛ እንነግራታለን።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። መላው ጣፋጭ ሆነላቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

የመውቂያው ዕለት ጁወይሪያ የመፍቻ ሳጥኗን ይዛ ዳገቱን ወጣች። አውድማው ላይ ሁለት እንጨት ተተክሎ ትልቅ የጭነት መኪና ሸራ ተወጥሯል። እህሉ የሚወጣበት አፍ ከሸራው ወዲያ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አቧራው እንዳይጎዳሽ ነው፣ ኢንታላ ኮ» አለች ሀጂራ፤ ልጄ እያለች መዋሸቷ ነው።

ጁወይሪያ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ወደ ላይ አነሳች። «ነፋሱ ከኔ ወደዚያ ነው የሚነፍሰው።» ከዚያ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ገባት። ሳጥኗን አንስታ መመለስ ጀመረች። ሙቢና ሮጣ ክንዷን ያዘቻት።

«ማሎ ጁወይሪያ፣ ስለ እኔ ብለሽ። ይኼ ካልተሳካ እኔ ጅዳ ነኝ።»

ቆማ አሰበች። ለሌላ ለማንም ብላ አይደለም፤ ጭማቂዋን ለጠጣችላት ልጅ ብላ ተመለሰች። ሞተሩ ተነሳ፣ ቺንጋው ተወጠረ፣ ነዶው ገባ። ጁወይሪያ ጆሮዋን ወደ ብረቱ አስጠግታ አዳመጠች፤ ፊቷ ጠቆረ።

«ድምፁ ልክ አይደለም። እየተሰበረ ነው። እንዴት ነው የሚወጣው?»

«ማሻአላህ፣ ወርቅ ነው!» አሉ ከዲሮ ከሸራው ጀርባ። ለእሳቸው አንድ ዛላ ሳይወልቅ ካልቀረ ወርቅ ነው፤ ቅንጣቱን ጎንበስ ብሎ ያየ የለም።

«እፍኝ አምጡልኝ። እፍኝ ብቻ። ማላላት እንዳለብኝ የማውቀው ካየሁ ነው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እፍኝ ገብስ! የተራበች ዶሮ ብትመጣ የሚጣልላት እፍኝ ገብስ። ሙቢና ግን ከምርቱ ዘግና ወደ ሸራው ጫፍ ሄደች። ያን ጊዜ ከዲሮ ጮኹ፤ አስናቀም ጮኹ፤ «ያዟት!» አሉ። ሁሉም ወደ ሀጂራ ዞረ። ልጅቷ የማን ናት? የሷ።

ሀጂራ ተራመደች። የልጇን አንጓ ያዘች። ሙቢና እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች ጨብጣ ቀረች፤ ሀጂራ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቀቻቸው። ገብሱ መሬት ፈሰሰ። ግማሽ ለግማሽ ተሰንጥቆ ነበር፤ ሀጂራ በዓይኗ በብረቱ አየችው። በእግሯ አፈር አለበሰችው።

ከነዶው ክምር ላይ የነበሩት ጎረምሶች እንደ ጅብ ማላዘን ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አውድማው ሁሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ ከኦፊቺናዋ ደመወዝ የሚበሉ ልጆች ነበሩ። ጁወይሪያ መፍቻዋን ጠራርጋ ሳጥኗ ውስጥ ከተተች፤ የሚቸኩል ሰው አትመስልም ነበር።

«ገብሳችሁን አላየሁትም» አለች። «ምሥክር ሁኑ። ሲያልቅ የበላሁት እኔ እንዳልሆንኩ አስታውሱ።»

ዳገቱን ወርዳ ስትሄድ ማሽኑ ግን አልቆመም፤ የብየዳ ልጆቹ ያንቀሳቅሱት ነበር። እሷን እንጂ ማሽኗን አልተጸየፉም ማለት ነው፤ ብረት ዓይን የለውም። ከበሮው በዚያው እንደጠበቀ ከማሳ ማሳ እየተጎተተ የዳገቱን ገብስ ሁሉ ወቃ።

በእውቀቱ መጥቶ ከአስናቀ መጋዘን በር ላይ ጆንያ አስፈታ። ነጭ ትሪ ላይ ዘርግቶ በጣቱ ለየ። ሌላ ጆንያ አስፈታ። ሌላም። አልተናደደም፤ እንዲያውም ያዘነ ይመስላል።

«ይኼ የከብት መኖ ነው» አለ። «አዝናለሁ።»

መኪናው ታጥፎ ሲሄድ ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ ቀረ። አንድ ሰው ተነስቶ «ጥፋቱ የኛ ነው» ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ከዲሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አየችው።»

«ሸራ ነበረኮ» አለ አንዱ።

«ሸራውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ ሀጂራ» አሉ አስናቀ። «ደህና ሸራ ነበር?»

ሁሉም እንደገና ወደሷ ዞረ። ሸራው ደህና ነበር። አዲስ ነበር። ደህና ነበር ካለች ገብሱን የሰበረው የጁወይሪያ ዓይን ሳይሆን የነሱ መላ፣ ማለት የሷ መላ ሊሆን ነው።

«ቀዳዳ... ሳይኖረው አይቀርም» አለች ሀጂራ።

«አየችው!» አለ ሰው ሁሉ። እፎይ የተባለ ያህል ነበር። ማንም አላጠፋም፤ ጥፋተኛዋ ተገኝታለች።

የኦፊቺናው አከራይ በዚያው ሳምንት ግቢውን እፈልገዋለሁ አላት። የብየዳ ልጆቹ የመጨረሻ ደመወዛቸውን ተቀብለው ቀሩ። ፒክአፑ ብረቱን ጭኖ ሲወጣ ዝም ያለው ሰፈር ከሄደች በኋላ ወጥቶ ታፔላዋን በድንጋይ ቀጠቀጠው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፤ ግን እዚህ ጅብ ማን እንደነበረ አልታወቀም።

ጁወይሪያ ሮቤ ሄደች። እዚያም ቀጥቃጭ የማይንቅ ሰው ስለሚኖር አይደለም፤ ንቀት በየአገሩ ሞልቷል። ግን አንድ ሊበን የሚባል ገበሬ፣ ምናልባትም ችግር የጠናበት ስለሆነ፣ አውድማው ላይ ወንበር አውጥቶ አስቀመጣት። ገብሱን አየችው። ገብሱ ሙሉውን ወጣ። ጎረቤቱ ያን አይቶ ወንበር አወጣ። በሚቀጥለው ምርት በእውቀቱ ነጭ ትሪውን ይዞ ሮቤ ታየ፤ ፋብሪካው መሠረቱ ተጣለ፤ አልጋ ቤት፣ ጎሚስታ፣ ምግብ ቤት ተከተለ። ከአሰላ የወጡ የብየዳ ልጆች እዚያው ሄደው እሷኑ ሥራ ለመኑ። ቀጠረቻቸውም። አሰላ ላይ ደግሞ ለፋብሪካው ተብሎ የታጠረው መሬት አጥሩ ቆርቆሮው እየተሰረቀ የፍየል መዋያ ሆነ። የአስናቀ መጋዘን መኖ ሸጦ መኖ ገዛ። የከዲሮ ሁለት ልጆች በባሕር ሲሻገሩ የአንዱ ወሬ እስከ ዛሬ አልመጣም። ከዲሮና አስናቀ ግን አብረው ሻይ ይጠጣሉ፤ እርቁ ጸንቷል።

ሙቢናስ? ሙቢና ጁወይሪያ በሄደች ማግስት እናቷን ሳትሰናበት ልብሷን ጠቀለለች። ጅዳ አልሄደችም። ሮቤ ሄዳ መጀመሪያ ከጁወይሪያ ኦፊቺና፣ በኋላም ፋብሪካው ሲከፈት ላቦራቶሪው ገባች። ነጩን ጋውን ለበሰች። የምትኖረው ግን ከጁወይሪያ ጋር በአንድ ቤት፣ የምትበላው ከአንድ ትሪ ነው።

የዚያን ጊዜ ሀጂራ ያደረገችውን ስሙ። ልጇ የተመኘችላትን ሥራ አገኘች፣ አገሯ ቀረች፣ ሳጥን ሆና አትመጣም። ደስ ሊላት፣ ሰንጋ ልታርድ ይገባ ነበር። እሷ ግን ገበያ ወጥታ «ሙቢና ጅዳ ገባች» አለች። ከጎኗ ገብስ የምትሸጠው ሳምራ፣ ከልጅነት ጀምሮ አብረው የነገዱት ጓደኛዋ፣ «አላህ ያቅናት!» ብላ አቀፈቻት። የሰው ሽንት ቤት የምታጥብ ልጅ ከቀጥቃጭ ጋር ከምትበላ ልጅ ትሻላለቻ! ሀጂራ በየሳምንቱ ከጅዳ ወሬ ፈጠረች፤ አሠሪዎቿ ደግ ናቸው፣ ሙቀቱ ከብዷታል፣ ወርቅ ገዝታለች። ሌሊቱን ግን ብቻዋን ታለቅስ ነበር።

ላቦራቶሪው ከተከፈተ ዓመት ከመንፈቅ አልፎ አረፋ መጣ። ሀጂራ ከሶላት ተመልሳ ሥጋውን ስታወጣ ደጁ ላይ ባጃጅ ቆመ። ሙቢና ናት፤ ወፍራለች፣ አምሮባታል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈር ሁሉ እያየ፣ ለእናቷ ያመጣችውን ስጦታ በሁለት እጇ ይዛ ወረደች።

«ዒድ ሙባረክ እማ።»

ሀጂራ ወደ ቤት ጎትታ አስገባቻትና በሩን ዘጋች። ከዚያ ግን አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ጠረኗን ሳበች፣ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳመች፤ ናፍቆቷ እውነት ነበር። «ተቀመጪ የኔ ልጅ፣ ተቀመጪ፣ ሥጋ ጠብሻለሁ» እያለች ወደ ጓዳ ሮጠች።

ትሪውን ይዛ መጣች፤ እፊቷም አስቀመጠች። ሙቢና እጇን ታጥባ ጠበቀች። ሀጂራ ሳታስበው ተመልሳ ለራሷ በሌላ ሳህን ጨልፋ መጣች። በሩ ዝግ ነው፤ አንድም የሚያያት ሰው የለም፤ ከዲሮ የሉም፣ አስናቀ የሉም። ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀና ስትል የልጇን ዓይን አገኘችው።

ሙቢና ሳህኑን አየች። እናቷን አየች።

«ጾመኛ ነኝ እንዳትዪኝ እማ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ ዒድ ነው፤ ጾም ሐራም ነው።»

ሀጂራ ሳህኑን ልታስቀምጥ፣ ወደ ትሪው ልትጠጋ ፈለገች። ወላሂ ፈለገች። እጇ ግን እንደዚያ ማክሰኞ አልዘረጋም አለ። ሙቢና ከትሪው አንድ ጉርሻ ጎርሳ፣ ቢስሚላህ ብላ አላምጣ ዋጠች፤ ስጦታውን ወንበሩ ላይ ትታ ወጣች። ባጃጁ ገና አልሄደም ነበር፤ ሾፌሩ ልጅቷ ከሮቤ መኪና እንደወረደች ለተሰበሰበው የሰፈር ሰው እያወራ ነበር።

በማግስቱ ሀጂራ ገበያ ወጣች። ሴቶቹ እንደወትሮው ጆንያቸውን አፉን ፈትተው ገብሱን አሳይተው ተቀምጠዋል። እሷም እንደወትሮው ወደ ሳምራ ሄደች፤ ከሩቅ ሰላምታ ሰጠች። ሳምራ ቀና ብላ አየቻትና የነጠላዋን ጫፍ ስባ የጆንያውን አፍ ሸፈነች። ከጎኗ ያለችው ሴት ደግሞ ሸራ ጎተተች። ከዚያም የሚቀጥለው፣ ከዚያም የሚቀጥለው ጆንያ ተሸፈነ።

ሀጂራ ቡዳው ከየት መጣ ብላ ደንግጣ ዞረች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።